እብድ የምትፈራዋን ነርስ ማን አስመረቃት?

ዛሬ ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ አልጽፍም። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ይህ ምኑ ፖለቲካ ነው?» ማለታችሁ እንደማይቀር አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ። በአንድ አገር ውስጥ ማን በሰንሰለት ታስሮ እንደሚኖር፣ ሰንሰለቱን እንዲፈታ የተማረውስ ማን እንደሆነ ከመጠየቅ የበለጠ ፖለቲካ የት ይገኛል?

ባለፈው ክረምት የታመመ ዘመድ ይዤ፣ ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዷ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ዋልሁ። የዚያ አገር ዝናብ አንዴ ከመጣ ለመሄድ አይቸኩልም፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ድምፅ እንኳ መስማት ያስቸግርሃል። ረፋዱ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ሦስተኛ ወንድማቸውን ይዘው ከባጃጅ ወረዱ። እናታቸውም አብራቸው ነበረች። ሰውዬው ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም፤ እጆቹ በገመድ የኋሊት ታስረዋል። በቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ሰንሰለት ለረጅም ጊዜ የበላው ቁስል አለ። ሰንሰለቱን ለመንገዱ ሲሉ አውልቀውለታል፤ ቁስሉ ግን መርቅዞ ሽታው እስከ ወረፋው ጫፍ ይደርሳል።

በዚያ ዕለት ለተግባር ልምምድ የመጡ ስድስት ወይም ሰባት የነርስ ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ፣ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን ቁስል ስታጥብ በዓይኔ አይቻታለሁ። እጇ የተባረከ ነው። ልጁን እያባበለች፣ እናቱን እያጽናናች፣ ፋሻውን ሳትቸኩል ጠቀለለችለት። የዚህ ሰው ተራ ሲደርስ ግን ያ እጅ ወደ ጋዋኑ ኪስ ገባ። «ሳይኮ ነው» ተባባሉ። ሁሉም ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አራት ጎረምሶች ተጠሩ፤ ያዙት፤ የማስተኛ መርፌ ተወጋ፤ ከአፍታ በኋላ እንቅልፍ ጣለው። ወደ ሆስፒታል የሚልከው ወረቀትም ተጻፈለት። እናቲቱ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። ከተማሪዎቹ የገባው አልነበረም። የጥበቃ ሠራተኛው ተረጎመ፤ «እግሩስ? ነው የምትለው።» «እግሩን እዚያ ያዩለታል» የሚል መልስ ተሰጣት። ቁስሉን ያጠበው፣ የነካው፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ ያየው ሰው አልነበረም። ሰውዬው እኮ ተኝቷል! ከዚህ ወዲያ የሚያስፈራው ምኑ ነው?

ዝናቡ ጋብ ሲል ያችን ባለ ብሩክ እጅ ልጅ በረንዳው ላይ አገኘኋት። አልተቆጣኋትም። የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ ተምረሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አዎ ጋሼ፣ ኮርሱን ወስደነዋል። ኤ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የስኪዞፍሬንያን ምልክቶች አንድ በአንድ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ዳዊት አነበነበችልኝ። ከታማሚ ጋር ተቀምጠሽ አውርተሽስ ታውቂያለሽ? አልኋት። «ለልምምድ ሄደን ነበር። በቡድን ሆነን መምህሩ ሲጠይቅ እንሰማለን።» ብቻሽንስ? ጥቂት አሰብ አደረገችና እንዲህ አለች፦ «ብቻዬንማ እፈራለሁ።»

እንግዲህ ይህችን ልጅ የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። እርሷ የተሰጣትን ሁሉ በትጋት ተቀብላለች፤ የተፈተነችውን ሁሉ መልሳለች። የእኔ ጥያቄ ለሰጪዎቹ ነው። ቃጠሎ አጥቦ የሚያሽግ እጅ ያሠለጠነ ትምህርት፣ ያንኑ እጅ ከሌላ ቁስል ፊት ኪስ የሚያስገባ ፍርሃት እንዳለ ትቶ እንዴት «ብቁ ናት» ብሎ አስመረቃት?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የአማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም.፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ጎሬ፣ ያች በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ለወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና የቆየችው የኢሉባቦር ከተማ፣ በጠላት እጅ ከወደቀች ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከዚያ ወዲህ ለአምሳ ዓመት ያህል የአእምሮ ሕክምና ማለት ለኢትዮጵያውያን አማኑኤል ማለት ነበር። (በነገራችን ላይ፣ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ወስዶ ስድብ ያደረገ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ይኖር ይሆን? «አማኑኤል ግባ!» ስንባባል ኖረናል።) ከመቱ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የዳሪሙ ወይም የኖጳ ገበሬ ልጁን እጅና እግሩን አስሮ፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ይህን መንገድ እንዲጓዝ ይጠበቅበት ነበር። ስንቱ ሊጓዝ እንደሚችል ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። የቀረው ልጁን በጓዳ ምሰሶ ያስራል።

ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ፣ በዚያው በአማኑኤል ሆስፒታል፣ ነርሶችን ለአንድ ዓመት በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። ሥልጠናውን የጨረሱት ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች ተላኩ፤ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ተሰጥቷቸው ሥራ ጀመሩ። ሌላው ዓለም ለስፔሻሊስት ሐኪም የተወውን ሥራ፣ መመርመሩን፣ በሽታውን መለየቱን፣ መድኃኒት ማዘዙን፣ መጠኑን ከፍና ዝቅ ማድረጉን፣ ሁሉንም እነርሱ ሠሩት። የሚጥል በሽታ ያለበትም ወደ እነርሱ መጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እኮ ከዚያ ከ15 ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም በአመዛኙ አዲስ አበባ። ስለዚህ ከዋና ከተማው ውጪ ያለውን የአእምሮ ሕክምና ነርስ ተሸክሞት ኖረ ብል ማጋነን አይሆንም። ሐውልት አልቆመለትም። ሐውልቱ ይቅርና፣ በቅጡ የሚያስተምረው እንኳ አላገኘም።

«አሁንማ ተለውጧል፤ በየዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ተከፍቷል» የሚል ይነሣል። ተከፍቷል። በጅማና በጎንደር እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች በአእምሮ ጤና የማስትሬት ትምህርት ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የመቱ ዩኒቨርሲቲም የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ መምህራኑ በመቱ ካርል ሆስፒታል በሚታከሙ ሰዎች ላይ ጥናት አድርገው በውጭ መጽሔቶች አሳትመዋል። ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። እኔ ግን የምናገረው ሳይካትሪን ለይተው ስለሚያጠኑት ጥቂቶች አይደለም። ስለ ቀረው የነርስ ሠራዊት ነው፤ ነገ ጤና ጣቢያውን፣ ድንገተኛ ክፍሉን፣ ማዋለጃውን ስለሚሞላው። ለእርሱ የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ ከብዙ ኮርሶች መካከል አንዱ ነው፤ ልምምዱ በሳምንታት የሚቆጠር፣ ካለፈም በኋላ የሚረሳ። «እሱ የሳይኮዎቹ ሥራ ነው» የሚል አስተሳሰብ ከዚሁ ይወለዳል። የሳይካትሪ ክፍል በተከፈተ ቁጥር ሌላው ነርስ ከኃላፊነቱ ነጻ የወጣ ይመስለዋል።

ይህ አስተሳሰብ ሰው ይገድላል ብል ስሜታዊ ሆነ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ወደ ቡታጅራ እንሂድ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በዚያ ገጠር ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታትሎ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትሟል። ሕሙማኑ ከሌላው ሰው ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። በምን ይሞታሉ ቢባል ብዙዎቻችን ራሳቸውን በመግደል ወይም በአደጋ እንላለን። አይደለም፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው። ልብ በሉ! ሃሎፔሪዶል የሚድን ነገር አይደለም ይህ። ትኩሳት የሚለካ፣ ሳል የሚያዳምጥ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ አክታ የሚያስመረምር ሰው ቢኖር የሚድን ነው። ማንኛዋም ነርስ በመጀመሪያው ዓመት የተማረችው ሥራ ነው። ያ በባጃጅ የመጣ ሰው በእብደቱ አይሞትም፤ ማንም ጎንበስ ብሎ ባላየው ቁርጭምጭሚቱ ሊሞት ይችላል።

መንግሥት ይህን አያውቅም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ላይ በገዛ እጁ ጽፎታል። በአንድ በአብዛኛው ገጠር በሆነ አካባቢ ከጠቅላላው የበሽታ ጫና 11 ከመቶው የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ ስኪዞፍሬንያና ድባቴ ከኤች አይ ቪ ኤድስ በልጠው መገኘታቸውን፣ እጅግ ከተጎዱት ሕሙማን መካከልም ከአሥሩ አንዱ እንኳ ሕክምና እንደማያገኝ ሰነዱ ይናገራል። ዘጠኙ የት ናቸው? በጓዳ ናቸው፣ በገበያ መሐል ራቁታቸውን ናቸው፣ በጠበል ቦታ ናቸው። ኤድስን ለመዋጋት በየትምህርት ቤቱ ክበብ ያቋቋመ፣ በየመንገዱ ሰሌዳ የሰቀለ አገር፣ በራሱ ሰነድ ከዚያ በላይ ነው ለተባለው ጫና ለነርሱ የሰጠው አንድ ኮርስና ጥቂት ሳምንታት ነው።

አሁን ስለ ትምህርቱ ይዘት ልናገር፤ የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነውና። ሂልዴጋርድ ፔፕላው የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስ ዋናው መሣሪያ ከታማሚው ጋር የምትመሠርተው ግንኙነት ነው ብላ አስተማረች። የመርፌው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪዎቻችን ፔፕላውን ያውቋታል። የግንኙነቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፤ ምርጫ «ሐ» እንደሆነም ያውቃሉ። አንድ ሰዓት፣ አንዲት ሰዓት እንኳ፣ ከአንድ ድባቴ ከደቆሰው ሰው አጠገብ ዝም ብለው ተቀምጠው ግን አያውቁም። ዋና ለመማር መጽሐፍ አንብቦ፣ ስለ ውሃ ተፈትኖ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተመረቀ ሰው ሶር ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። በእኛ ነርሶች ላይ የሚደርሰውም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚሰምጠው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻ።

በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች መውጫ ፈተና ተጨመረ። ብዙ ተጨበጨበ። እኔም ፈተናን አልቃወምም፤ ያልተማረ እንዳያልፍ ወንፊት ያስፈልጋል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ምርጫ የሚያስከብብ ፈተና የተማሪዋ እጅ ኪስ መግባት አለመግባቱን የሚያይበት ዓይን የለውም። ይባስ ብሎ መምህሩም ተማሪውም ዓመቱን ሙሉ ለክበቡ ስለሚሠሩ፣ በታማሚው አልጋ አጠገብ የሚያልፍ ሰዓት እንደባከነ ጊዜ መታየት ጀምሯል። «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በየኮሌጁ ግቢ ያልሰማ ካለ ይንገረኝ።

መድኃኒቱንም እንይ። ለአንድ ወጣት ሃሎፔሪዶል ተጀመረለት እንበል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ሊገለበጡ፣ መንጋጋው ሊቆለፍ ይችላል። የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ማርከሻም አለው። ይህን ያየ ቤተሰብ ግን ምን ይላል? «ያደረበት መንፈስ ተቆጣ» ይላል። ክኒኑ ወደ ምድጃ፣ ልጁ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። ይህ ሊመጣ እንደሚችል፣ ሲመጣም ወደ ማን እንደሚኬድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ለእናት የምትነግር ነርስ ብትኖር ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። ለመንገር ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ የተጠመዘዘ አንገት በሥዕል እንጂ በሰው ላይ ሳታይ የምትመረቀው ነርስ ራሷ ከቤተሰቡ እኩል ትደነግጣለች።

ከሁሉም የከፋው የቋንቋው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚከፋችሁ ብትኖሩም እናገራለሁ። ለቁስል ሕክምና አስተርጓሚ ይበቃ ይሆናል። ለአእምሮ ሕክምና ግን ቋንቋው ራሱ የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። ድባቴ የያዘው ገበሬያችን «ዲፕሬስድ ነኝ» ብሎ አይመጣም። «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ልቤን ይጨንቀኛል» ብሎ ይመጣል፤ የራስ ምታት ክኒንና የጨጓራ ሽሮፕ ተሰጥቶት ይመለሳል። ይህ በአማርኛ ነው። በኢሉባቦር ደግሞ የሕሙማኑ የአብዛኛዎቹ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ተማሪዎቹ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን ተመድበው የሚመጡ፣ የተማሩት በእንግሊዝኛ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአማርኛ። ወጣቶቹ ተደባልቀው መማራቸውን እደግፋለሁ፤ አገር የሚሠራው እንዲያ ነው። ግን ነርስ ሆኖ ሊያገለግል የመጣ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ «እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል ወይ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ?» የሚሉትን ጥያቄዎች በታማሚው ቋንቋ መጠየቅ እንዲችል ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል? ራስን ስለ ማጥፋት በጥበቃ ሠራተኛ አስተርጓሚነት፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ እየሰማ፣ እውነቱን የሚናገር ሰው የለም። ይህን ለማወቅ ማስትሬት አያስፈልግም።

የመቱ ምሁራን ጥናትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በውጭ መጽሔት ታትሞ፣ ለደረጃ ዕድገት ይቆጠራል። ስለ መገለል የተጻፈው ነገር የተገለለው ሰው ጎረቤት ጆሮ የሚደርሰው መቼ ነው?

አንዳንዶች «መፍትሔው ስፔሻሊስት ሐኪም ማምጣት ነው» ይሉኛል። ይምጣ እንጂ! ማን ጠላ? ግን ስፔሻሊስቱ ቢመጣ መቱ ከተማ ይቀመጣል። ከአልጌ፣ ከቡሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ የሚመጣውን ማን ለይቶ ይላክለት? የላከውንስ፣ ሰውዬው ወደ ቀበሌው ሲመለስ፣ መድኃኒቱን መዋጡን ማን ይከታተል? ቡኖ በደሌ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ከተለየም በኋላ ኢሉባቦር ሰፊ አገር ነው፤ በክረምት ጭቃው መኪና ያቆማል። በደጋፊነት የምትደርሰው ያችው ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት።

ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በሙሉ በሕዝቡ ላይ ይደፉታል፤ «ኋላ ቀር ነው፤ ጠበል ይላል፣ ሼህ ዘንድ ይሄዳል፣ ጸሎት ቤት ያድራል፣ ልጁን ያስራል።» እስቲ ራሳችንን በዚያች እናት ቦታ እናድርግ። ልጇ ሌሊት ጫካ ይገባል፤ ወንዝ አለ፤ አውሬ አለ፤ ድንጋይ የሚወረውር ጎረቤት አለ። በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ «ሳይኮ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳ ይጠጋል። ካህኑና ሼሁ ግን እጃቸውን በራሱ ላይ ይጭናሉ። ይነኩታል! ታዲያ ወደ ማን ትሂድ? ሰንሰለቱን ያሠረችው ፍቅርና ፍርሃት አንድ ላይ ሆነው ነው። ይህን ያልተረዳ ነርስ «ፍቱት» ብሎ ቢያዝዝ ማንም አይሰማውም። መድኃኒቱንም ጠበሉንም ጎን ለጎን እንዲይዙ ካህኑን የሚያነጋግር፣ ሼሁን የሚለምን፣ ቤተሰቡ ቀስ በቀስ ሰንሰለቱን እንዲያላላ የሚያግባባ ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። ይህ ደግሞ በስላይድ አይማሩትም።

የባለሙያውን ኑሮ ሳላነሣ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በአእምሮ ሕክምና ሠልጥኖ የመጣ ነርስ ሰው ጎደለ ተብሎ ወደ ማዋለጃ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲዛወር ይኖራል፤ ዓመታት የፈጀ ሥልጠና በአንድ የዝውውር ደብዳቤ ይቀበራል። የሥራ ባልደረቦቹ «የእብድ ነርስ» ይሉታል። ደሞዙን አታንሡት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ምን እንደተከተለ እናስታውሳለን፤ ከጠያቂዎቹ መካከል የታሰሩ ነበሩ። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ ግጭት ቤት ንብረቱን ጥሎ የተሰደደውን፣ ዘመዱ በፊቱ የተገደለበትን ሰው እንዲያክም የምንጠብቀው ይህንኑ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተውን ነርስ ነው። ለመምህሩም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ መቶ ተማሪ የተጫነበት መምህር እያንዳንዱን በታማሚ አጠገብ አስቀምጦ እንዲያስተምር መጠበቅ ጭካኔ ነው። «ቁጥር፣ ቁጥር» እያለ ኮሌጆቹን ያጥለቀለቀው ፖሊሲ ነው መጠየቅ ያለበት።

መቱ ሕንፃ አልተከለከለችም። ሆስፒታሏ የካርልን ስም ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በቴሌቪዥን ፊት ተወራርዶ ለአፍሪቃ ገንዘብ የሰበሰበውን፣ በኋላም «ሰዎች ለሰዎች»ን መሥርቶ በኢሉባቦር ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም የሠራውን የተዋናዩን የካርልሃይንዝ በምን ስም። አቦ ካርል እያለ የጠራው ሕዝብ አልተሳሳተም። ግን ባዕድ ግድግዳ ሊያቆምልን ይችላል፤ የተማሪዎቻችንን እጅ ከኪስ ሊያወጣልን አይችልም። አማኑኤልን ያቋቋመችብን ጣልያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1978 በሕግ የአእምሮ ሕሙማን መቆለፊያ ሆስፒታሎቿ እንዲዘጉ ወሰነች። ለዚያ ያበቃት የፍራንኮ ባዛሊያ ትግል ነበር፤ ባዛሊያ በትሪየስቴ በሩን ሲከፍት አብረውት የከፈቱት፣ ከዘበኝነት ወደ አጋርነት የተለወጡት ነርሶቹ ነበሩ። የእኛ ዘጠኙ ሕሙማን ግን ወደ ሆስፒታሉም አልገቡም፤ የሚከፈተው በር የጓዳቸው በር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ገንዘብ ብዙ የማይጠይቅ ነገር ልናገር። የመቱ የነርስ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ታማሚና አንድ ቤተሰብ ይሰጠው። በከተማው ወይም በአቅራቢያው በጎሬ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር እየሄደ፣ በወር አንድ ጊዜ ቡናቸውን እየጠጣ እስኪመረቅ ይከታተለው። እግሩን ይጠበው፤ ሳሉን ያዳምጠው፤ ክኒኑን ይቁጠርለት። ድኖ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ብዙ አለ፣ ክፍል ገብቶ ያስተምራቸው፤ ለትምህርቱም እንደማንኛውም እንግዳ መምህር ይከፈለው። ከታማሚ ጋር በታማሚው ቋንቋ ግማሽ ሰዓት አነጋግሮ በመምህር ፊት ያልተመዘነ ተማሪ ጋዋኑን አይልበስ። ሠልጥኖ የመጣውን ነርስ ከክፍሉ የሚያነሣ ኃላፊም ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ።

የመቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊዎች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁት፣ መልስ እንድትሰጡኝ የምፈልገው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ስንቶቹ መውጫ ፈተናውን እንዳለፉ በየዓመቱ ትነግሩናላችሁ። ዘንድሮ ከምታስመርቋቸው ነርሶች መካከል ሰንሰለት የበላውን እግር በእጃቸው ያጠቡት ስንት ናቸው?